ምስር በሚለቀምበት ብርሃን

ባሌ አካሉ ሁለት ነገር አውቃለሁ ይል ነበር፤ በቅሎና ብርሃን። በቅሎውን እውነቱን ነው። ብርሃኑን ግን የት እንደ ተማረው አውቃለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነውና እንደ ነበረው አድርጌ ብጽፈው አይቀየመኝም።

እንጦጦ ላይ የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ በቅሎ ጫኝ ነበር። ፈረንጁ ፎቶግራፍ የሚያነሳበት ትልቅ ሳጥን ነበረው። ሳጥኑን ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ ሦስቱን እግሮች መትከል፣ ጥቁሩን ጨርቅ ማራገፍ የአካሉ ሥራ ነው። ሰውየው ንዳድ ይዞት ወደ ባሕሩ ሲወርድ ሳጥኑን ለእሱ ተወለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሌ አረማመድ ተለወጠ። ጎረቤት እንደምን አደርክ ሲለው አስቀድሞ ሰማይ ሰማይ ያይና፣ «ፊትህ ላይ ዛሬ ጥሩ ብርሃን አርፏል» ይላል። ሰውም ምን እንደሚመልስ ሲጨንቀው እግዜር ይመስገን ብሎ ያልፋል።

የፈረንጁን ትምህርት በቃሉ ይዞታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰውየውን ሜዳ ላይ አቁመው፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙረው፤ እንዳትተነፍስ በለው። በዚህ ዓይነት ያነሳቸው ሰዎች ሁሉ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ይመስላሉ። እሱ ግን «ግርማ ነው» ይላል።

በ1881 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ማክሰኞ ጧት፣ ኢፍቱ ልጇን አዝላ ከየካ ሚካኤል በኩል ዳገቱን ወጥታ ቤታችን ደረሰች። ባሏ ሰቦቃ ወደ ሐረር ሲዘምት እርጉዝ ነበረች። ልጁ ቀጀላ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ አባትና ልጅ ግን አልተያዩም።

«ሐረር የሚወርዱ ነጋዴዎች ሐሙስ ይነሣሉ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የሰቦቃ ጓደኛ አባይነህ አብሯቸው ነው። አያ አካሉ፣ ይህን ልጅ አንሣልኝና ልላክለት። አባቱ መልኩን ሳያውቅ አንድ ነገር ቢሆን እኔ ምን ይውጠኛል?»

አካሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ሥዕሉ የሚያርፍባቸው መስታወቶች ሁለት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ሌላ ከባሕር ማዶ ካልመጣ አይገኝም። ይህን ሲነግራት፣ «ልጁም አንድ ነው» አለችው።

እኩለ ቀን ሲሆን ሳጥኑን ከግቢያችን መካከል ተከለ። ኢፍቱ የልጁን ራስ ቅቤ ቀብታ፣ ቁንጮውን አበጥራ አመጣችው።

«ይቁም» አለ አካሉ።

«አይቆምማ።»

«ንገሪው እንጂ!»

«እስቲ አንተ ንገረው። እኔንስ መስማት ትቷል።»

«ቀጀላ! እንዳትተነፍስ!»

ቀጀላ ዶሮ ተከትሎ ሄደ። ኢፍቱ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለች በኦሮምኛ ጠርታ መለሰችው። ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በአራተኛው አካሉ ትዕግሥቱ አለቀና የሳጥኑን ዓይን ክዳን አነሣ። በዚያችው ቅጽበት ልጁ ፀሐዩን ሸሽቶ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

አካሉ መስታወቱን ጨለማው ጓዳ ውስጥ በመድኃኒቱ አጥቦ፣ በወረቀት ላይ ገልብጦ ሲያመጣው ሥዕሉን ተሻምተን አየነው። ራሱ እንደ ተወለወለ ማሰሮ ያበራል። ዓይኑ ጉድጓድ ሆኗል፤ ያውም አንዱ ብቻ።

«ሌላው ዓይኑ የት ሄደ?» አለች ኢፍቱ።

«በወዲያ በኩል ነው።»

«በወዲያ በኩል! ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው?»

ይህን የማያውቅ የለም። ጻድቃኑ ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው።

«ይሁዳ ነው» አልሁ እኔ። ባልናገር ይሻል ነበር።

«ሰማህ፣ አያ አካሉ? የሁለት ዓመት ናፍቆቱን ይሁዳ ልላክለት?»

«ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው» አለ አካሉ።

«እሷማ የዕለት ሥራዋን ሠራች» አልሁት።

ረቡዕ ጧት ኢፍቱ ተመልሳ መጣች፤ ሲነጋ ነጋዴዎቹ መንገደኞች ናቸው፣ መስታወቱም አንድ ነው። አካሉ ግቢው መካከል ቆሞ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትደርስ ይጠብቃል። እኔ እንደ ወትሮዬ ከበሩ ደፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ተቀምጬ ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እለቅማለሁ። ቀጀላ ሰፌዱን አየና መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቱ ያነሣል፣ አገላብጦ ያያታል፣ ይመልሳታል። ትናንት መሬት አልይዘው ያለ ልጅ እንደ ዳኛ ተቀመጠ።

ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ ለስላሳ ነው። ጥላ አልቆረጠውም፤ ዓይኑም አልተጨፈነም፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል።

«አካሉ፣ ምስር ፀሐይ ላይ ለቅመህ ታውቃለህ?»

«እኔ ምስር አልለቅምም።»

«እሱማ ይታወቃል። አንተ ድንጋዩን የምታገኘው ስትበላ ነው። ፀሐይ ላይ ድንጋዩም ምስሩም እኩል ያብረቀርቃል፤ አይለይም። ጓዳ ከገቡ ይጨልማል። ደፉ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ይታያል። ና እዚህ ጋ ቁመህ ልጁን እየው።»

መጣ፤ አየ። አጎንብሶ እንደገና አየ። ከዚያ፣ «ፈረንጁ እንዲህ አላለኝም» አለ።

«ፈረንጁ ምስር አይለቅምማ።»

ሳጥኑን ወደ በሩ አዞረ። እግሮቹ ረጅም ስለ ሆኑ ሳጥኑ የሚያየው የልጁን አናት ነው። ቁመቱ ከልጁ ዓይን ጋር እስኪተካከል እግሮቹን ነቅሎ በተደፋ ሙቀጫ ላይ አስቀመጠው፤ ራሱም መሬት ላይ ተንበረከከ። በወዲያ በኩል ያለው የልጁ ጉንጭ ጠቆረ ብሎ አካሉ ሲነጫነጭ ኢፍቱ ነጠላዋን አውልቃ በዚያ በኩል ዘረጋችው፤ ከነጭ ጨርቁ የተመለሰው ብርሃን ጉንጩን አፈካው። ቅቤውንም እኔ በመቀነቴ ጫፍ ጠረግሁለት።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ልጁ ዓይኑን ከሰፌዱ አላነሣም። ብርሃኑ ለስለስ ያለ ስለ ሆነ ክዳኑ ተነሥቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እስኪባል መቆየት አለበት፤ ልጁ እስከዚያ ቀና ብሎ ካላየ ሥዕሉ ቁንጮ ብቻ ነው። ኢፍቱ ጠራችው፤ አጨበጨበች፤ እኔ እንደ ድመት ጮኽሁ። ምስሩ በለጠን።

አካሉ ሥዕሉን ለማጥራት ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሲወጣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ላቡ ወርዶ፣ ጨርቁ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀጀላ አየውና ሳቀ።

«ግባ!» አለችው ኢፍቱ። «ተመልሰህ ግባ! አኩኩሉ በለው!»

«እኔ? እኔ እኮ ሹማምንት ያነሣሁ ሰው ነኝ!»

«ሐሙስ ነገ ነው፣ አያ አካሉ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። አካሉ መስታወቱን ከሳጥኑ ከተተና ጨርቁ ውስጥ ገባ።

«አኩኩሉ!» አለ ከውስጥ።

«አልነጋም!» አለች ኢፍቱ በልጁ ፈንታ።

ብቅ አለ፤ ልጁ ተንከተከተ። ገባ፤ «አኩኩሉ!»፤ ብቅ አለ። አኩኩሉ ሲጫወት ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። በእኛ ቤት የልጅ ድምፅ ከጠፋ ወዲህ ማለቴ ነው።

በሦስተኛው ገብቶ ዝም አለ። ልጁ ምስሩን በእጁ እንደ ያዘ ቀና ብሎ ጨርቁን በሁለት ዓይኑ አፍጥጦ ይጠብቃል። መተንፈሱንም የተወ ይመስላል፤ ማንም አላዘዘውም። የአካሉ እጅ ከጨርቁ ሥር ቀስ ብሎ ወጣና ክዳኑን አነሣ። ኢፍቱ ነጠላዋን እንደ ዘረጋች ከንፈሯን ነከሰች። አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት። ክዳኑ ተመለሰ።

ሥዕሉ ሲወጣ የልጁ ቀኝ እጅ ተንቀሳቅሶ እንደ ጢስ ሆኗል። ፊቱ ግን ሁሉም አለ። ኢፍቱ በጣቷ ቆጠረች፤ «አንድ፣ ሁለት።» ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ትንሽ ቆየች። ሥዕሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ስትወርድ አካሉ ስለ እጁ ሊያስረዳት እስከ አጥሩ ተከትሏት ሄደ። አልሰማችውም።

ከፋሲካ በኋላ አባይነህ ከሐረር ተመለሰ። ኢፍቱ ይዛው እኛ ዘንድ መጣች፤ አካሉ ፊት ይናገር ብላ ነው።

«ሰቦቃ ሥዕሉን ከክታቡ ጋር አንገቱ ላይ አስሮታል» አለ አባይነህ። «ያላሳየው ሰው የለም። ‹ትክ ብሎ ያየኛል፤ አባቱ መሆኔን አውቆ ነው እንጂ በባዳ እንዲህ አያፈጥም› ይላል።»

አካሉ፣ «እሱ እንኳ ያን ጊዜ ያየው የነበረው...» ብሎ ጀመረ። ብርሃንና ጨርቅ ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንለትም። ኢፍቱን አየሁ፤ ልጇን አቅፋ እንደ ቆመች ናት። እሱም አያት።

«አዎን» አለ፤ «አባቱን ነው ያየው።»