ለሐጃ ያልተረጎምኩት ስንኝ

ካርቱም፣ ሪያድ ሠፈር፣ በሰው ቤት ስሠራ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት ያለኝን አስተያየት የምነግራት አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ። እንደኔው የወሎ ልጅ ናት፤ ጀብራ ሠፈር ውስጥ ከባሏ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። በመተማ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች የሚያመጡላትን የአማርኛ መጽሐፍ በቆርቆሮ ሳጥን አድርጋ አልጋ ሥር ታስቀምጣለች። ጁምዓ ጁምዓ ፈቃድ ያገኘን ሴቶች እየሄድን አንዱን እንመልሳለን፣ ሌላውን እንወስዳለን። ደንቧ አንድ ነው፤ ያነበብሽው ምን እንዳሰኘሽ ሳትናገሪ ሌላ አይሰጥሽም።

«ይሄኛውስ?» አለችኝ አንድ ጁምዓ፣ ወፍራም የፍቅር ልቦለድ ስመልስላት።

«ልጅቷ በፍቅር ታማ ስንት ምዕራፍ ሙሉ ተኛች። ማን አበሰለላት? አንሶላውን ማን አጠበላት? ደራሲው አልነገረንም። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ አለች፤ አንዴ ውሃ ይዛ፣ አንዴ በር ልትከፍት። እኔ መጽሐፉን እሷን ስፈልግ ጨረስኩት።»

«አንቺ ደግሞ ልቦለድ ውስጥም ገብተሽ ዕቃ ልታጥቢ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከዚያ በፊት የወሰድኩትንም አልወደድኩትም ነበር። ከስደት የተመለሰ ሰው መንደሩ ሲገባ በእልልታ ይቀበሉታል፣ ያለቅሳል፣ በዚያው ያበቃል። ጸሐፊው ከቤቱ ርቆ አያውቅም መሰለኝ። የራቀ ሰው ሲመለስ የሚፈራው ልጆቹ እንግዳ መጣ ብለው ወንበር እንዳያቀርቡለት ነው። የእኔ ሁለቱ እናቴ ዘንድ ነበሩ፤ ትንሹን ትቼው ስመጣ ገና አፉን አልፈታም ነበር።

እንግዲህ በልቦለድ ተማርሬ ያን ቀን ግጥም ወሰድኩ። ቀጭን መጽሐፍ ናት። አብዛኛው ስለ ጨረቃና ስለ አበባ ነው፤ ቃሉ ያምራል፣ ሲዘጉት ግን ምንም አይተርፍም። አንዲት ባለ ዘጠኝ ስንኝ ግጥም ግን ነበረች። ገጣሚው ተጠግቶ ያደገበትን ቤት ያመሰግናል፤ ግድግዳዋን፣ ጥላዋን፣ የበላበትን ሳህን። ሰባተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድንገት፣ አንድ ጧት ባለቤቶችሽ ሲነቁ ከበርሽ መቃን በቀር ምንም አያግኙ ይላታል። ከዚያ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ወደ ምስጋናው ይመለሳል። በእኔ አስተያየት በመጽሐፏ ውስጥ እውነት የተነገረው እዚያች ስንኝ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ምስጋና ክብደት ያገኘውም በእሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኔም ልብ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አስተግፊሩላህ አልኩና መልሼ አነበብኳት። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ።

በዚያው ሳምንት የአሠሪዬን፣ የመዳምን ትንሽ ልጅ አተኮሳት። ሐኪም አይቶ ምክንያቱን አጣው። በሦስተኛው ቀን መዳም ክፍሌን ስትፈትሽ የግጥም መጽሐፏን ከፍራሼ ሥር አገኘች። ልቦለድ ቢሆን ኖሮ ምንም ባላለች። ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ጽሑፍ የትም ያለ ነው። ግጥም ግን አጫጭር መስመር፣ ዙሪያው ባዶ፣ ፊደሉም የማይታወቅ ሆነባት። እሷ እንዲህ ተጽፎ የምታውቀው የድግምት ወረቀት ነው።

«ሲሕር ነው» አለች፣ መጽሐፏን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ። «ልጄን ያሳመመችው ይቺ ናት።»

ድግምተኛ ተብዬ ብወጣ ሪያድ ውስጥ የሚቀበለኝ በር የለም። ፓስፖርቴ መዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልጆቼ ከእኔ እጅ በቀር የሚያዩት የላቸውም። ሶላቴን አንድም ቀን አሳልፌ የማላውቅ ሴት ይህን ስም ይዤ የት እገባለሁ?

የመዳም እናት፣ ሐጃ፣ ግቢው ውስጥ የዐስርን ሶላት ሰግደው የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ነይ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዉዱእ አለሽ? ለሶላት ታጥበሻል?»

«አለኝ ሐጃ።»

ቁርኣናቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እጅሽን እዚህ አድርጊና፣ የተጻፈውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ እንደምትነግሪን በአላህ ማዪ።»

ማልኩ። ሐጃ መጽሐፏን ሲከፍቱ፣ መጽሐፍ መቼም ብዙ ጊዜ በተነበበበት ነው የሚገለጠው፣ ያቺው ግጥም ወጣች።

መጀመሪያ አማርኛውን አነበብኩ። ከዚያ በዓረብኛ ግድግዳውን፣ ጥላውን፣ ሳህኑን እያልኩ ተረጎምኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። መዳም ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ስምንተኛውን ተናገርኩ።

ሐጃ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። «ይሄ ሲሕር አይደለም» አሉ ለልጃቸው። «ውለታ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።» በማግሥቱ ትኩሳቱም ለቀቃት።

ለጓደኛዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። «ገጣሚውን አረምሽዋ። ለሁለተኛው እትም ይጠራሽ ይሆናል።»

«አትቀልጂ። እጄ ቁርኣን ላይ ነበር።»

ሳቋን ዋጠች። «ለመሐላሽ ሦስት ቀን ጹሚ» አለችኝ።

ጾምኩ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የጾምኩለትን ኃጢአት በየሳምንቱ እደግመው ነበር። ሐጃ ግጥሟን ወደዷት። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤት ሴቶች ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ፣ «ነይ ቢቲ፣ የቤቷን ምስጋና አሰሚያቸው» ይሉኛል። በቃሌ ስለያዝኳት መጽሐፍ አያስፈልገኝም። በአማርኛ ዘጠኝ፣ በዓረብኛ ስምንት። ሴቶቹ ማሻአላህ ይላሉ። እኔ ሳዳምጣት ግን ያቺን ስንኝ ካጣች ወዲህ ከጨረቃዎቹ ግጥሞች አትለይም፤ ለባለቤት ጆሮ የተመቸች፣ ሌላ ምንም የሌላት። በሱጁድ ግንባሬን ስደፋ ከዱዓዬ ቀድማ የምትመጣብኝ ሰባተኛዋ ስንኝ ናት። ተነሥቼ እንደገና እሰግዳለሁ፣ እንደገና ትመጣለች። መጽሐፏን ለጓደኛዬ መለስኩ። ምን አሰኘሽ ስትለኝ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሌላም አልወሰድኩም። አላህ የሚሰማኝ አልመስለኝ አለ።

አንድ ሐሙስ እንግዳ ቀረ። ሐጃ ብቻቸውን ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይዘው ጠሩኝና በይ አሉኝ። አማርኛውን ስል በየስንኙ ማረፊያ አንድ ዶቃ ይጥላሉ። ዓረብኛውንም ስል እንዲሁ።

«በቋንቋሽ ዘጠኝ ጊዜ ታርፊያለሽ» አሉ። «በእኛ ስምንት። ሦስት ሐሙስ ቆጠርኩሽ። አንዷ የት ሄደች?»

ዓረብኛው አጥሮ ነው ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበረ። አልቻልኩም። የጧቱን፣ የመቃኑን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ፈርቼ ነው ሐጃ» አልኩ።

ሙስበሃቸውን መዳፋቸው ውስጥ ሰበሰቡ። «ግጥሙ ምንም አይደለም» አሉ። «በሰው ቤት ያደረ ሁሉ ይለዋል። እኔም እዚህ ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ጊዜ ብዬዋለሁ። ቁርኣኑ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር።»

ለልጃቸው አልተናገሩም፤ አልተባረርኩም። በቀን አምስት ጊዜ ለዉዱእ ውሃ ይዤ እጃቸው ላይ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። በማግሥቱ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ማሰሮውን ሞልቼ ስወጣ፣ ሐጃ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በሌላው የሞሉትን ውሃ እያንጠባጠቡ ከቧንቧው ሲመለሱ አገኘኋቸው።

«ልያዝልዎት ሐጃ» አልኩ።

«አንቺ ከአላህ ጋር ጨርሺ» አሉኝና አለፉኝ።

እዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖርኩ። አንድም ቀን ከእጄ ውሃ አልተቀበሉም።