የእትዬ ሙሉአለም የቅዳሜ ምሳ

እትዬ ሙሉአለምን «ዓይን አውጣ» ያለ ሰው እኔ ቤት ውኃም አይጠጣ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልቀጥል።

ቤቴ አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለችው ባለ ስምንት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ናት። ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ሆቴል ውስጥ፣ አንድ ፈረንሳዊ ሼፍ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየጮኸብኝ ያስተማረኝን ነው የምሠራው። ሰፈሩ «ገላኔ ፈረንሳይ ቤት» ይላታል። ስከፍት «በርበሬ የሌለው ምግብ ማን ሊበላልሽ ነው?» ያሉኝ ሰዎች ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር ያጣሉ።

ጋሽ ሰንበታ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ደንበኛዬ ነበሩ። የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ የፈረንሳይ ምግብ እዚያ ለምደዋል። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ባለቤታቸውን እትዬ ሙሉአለምን አስከትለው ይመጣሉ፤ መስኮቱ ስር ይቀመጣሉ፤ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ «ጉበት በሽንኩርት፣ ለሁለት» ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነበር። እትዬ ሙሉአለም ሞጆ፣ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ቆዳ ሲመርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ቁጥብ ሴት ናቸው። ፈገግ ብለው ጥቂት ይቀምሱና የቀረውን ወደ ባላቸው ሳህን ይገለብጡታል። እኔ ፍቅር ነው እል ነበር።

ጋሽ ሰንበታ አምና ነሐሴ ላይ ሞቱ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ እትዬ ሙሉአለም ከነጥቁር ልብሳቸው ብቻቸውን መጥተው መስኮቱ ስር ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት። ሳልጠይቃቸው ጉበቱን አቀረብኩላቸው። አልነኩትም፤ ዳቦ ቆርሰው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ። ኀዘኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ሆቴል ለሆቴል ትዞራለች» ተባለ። ሆቴል ለሆቴል? አንድ ቤት፣ አንድ ምሳ! ወንዱ ሚስቱን ቀብሮ በሳምንቱ ቢራ ቤት ሲገባ እኮ «ኀዘኑን ይርሳበት» ነው የሚባለው።

በሦስተኛው ቅዳሜ የጋሽ ሰንበታ ታናሽ ወንድም መርዳሳ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ቤቱ ሙሉ ነበር።

«እትዬ፣ ይነሱ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሴት ልጅ ከነጥቁሯ ብቻዋን ምግብ ቤት ተቀምጣ መብላቷ ነውር ነው። ሰው ምን ይላል?»

«እሱን ሰውን ጠይቅ።»

«ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ሲባል አልሰሙም?»

«የሞተውማ ከኔ ጋር ሲበላ የነበረው ነው» አሉት። ከጥግ በኩል አንድ ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

መርዳሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው አፍ ነው የሚፈራው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጉበት ሲያይ ፊቱ በራ። «ይኸው፣ የወንድሜ ምግብ አይደል?» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «እትዬ፣ የምመጣው ለሱ ማስታወሻ ነው ይበሉ። እኛም ለሰዉ እንደዚያው እንናገራለን። ከዚያ በየቅዳሜው ይምጡ፤ ማንም አይናገርዎትም።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። እኔም ተመስገን አልኩ። ከእትዬ ሙሉአለም የሚጠበቀው አንድ «አዎ» ብቻ ነበር።

ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉት።

«ጉበት እጠላለሁ» አሉ። «ሃያ ስምንት ዓመት የጥሬ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ኖሯል፤ ይሄም ያው ይሸተኛል። ሰንበታን ስለምወደው አሥራ አንድ ዓመት ዋጥኩት። ለሱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አለቅሳለሁ። እዚህ የምመጣው ለራሴ ነው። ርቦኝ ነው የምመጣው።»

የመርዳሳ ፊት ጠቆረ። «እንግዲያው ለሙት ዓመቱ ከኛ ወገን ማንንም አይጠብቁ።»

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ዘመድ የባላቸው ዘመድ ብቻ ነው።

«እንደ ፍጥርጥራችሁ» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ገላኔ፣ ምን ምን አለሽ?»

አፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን «እርስዎስ?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያለኝን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። መጀመሪያ አይብ የቀለጠበትን የሽንኩርት ሾርባ፣ ከዚያ ከባቱ የመጣውን ዓሣ በቅቤና በሎሚ አዘዙ። እነመርዳሳ ወጥተው ሄዱ።

ሾርባውን ጨረሱ። ዓሣው ላይ ሲደርሱ እንባቸው ይወርድ ጀመር፤ ሹካቸውን ግን አላስቀመጡም። ግማሽ ያህሉ ሲቀር አላስችል አለኝና ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ በቃ ይተዉት፤ ለቤት ልጠቅልልልዎት» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝና ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ጨረሱ።