የተፋቀው ጉንጭ

ከደብረ ብርሃን መነሣት

ሁለት ጎረምሶች ከወዲህ ገፍተው፣ አንዱ ከወዲያ እንዳልገለበጥ ተቀብሎ፣ በቅሎዬ ላይ አስቀመጡኝ። በወጣትነቴ ያለ እርካብ ዘልዬ እወጣ ነበር ብዬ ላወራ አፌን ስከፍት በቅሎዋ መንገድ ጀመረች፤ ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

የተላክሁበት ጉዳይ ግን አያስቅም። በደብራችን፣ በማርያም ሥዕል መጋረጃ ላይ፣ ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ያመጧቸው ጠገራ ብሮች ተሰፍተው ይኖራሉ። አይመነዘሩም፣ አይሸጡም። ሰሞኑን መጋረጃው ሊታጠብ ሲወርድ ብሮቹ ላይ የተቀረጸችው ሴት ፊቷ ተጫጭሮ ተገኘ። አንዷማ አፍንጫዋ ጠፍቷል። የደብሩ አለቃ ብሩን እየሞረደ የሚወስድ ሌባ አለ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ በገበዙ በአባ ተክሌ እጅ ብቻ ነው። አባ ተክሌ «እኔ አልወሰድሁም» ብለው ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። እሑድ በጉባኤ ፊት ቁልፋቸውን አስረክበው፣ በሌባ ስም ከደብሩ እንዲወጡ ተወሰነ።

አባ ተክሌን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ብሮቹን መጀመሪያ አንኮበር ያለ አንጥረኛ ይያቸው ብዬ ለመንሁ። አለቃም፣ በመንገድ የሚቀር ሽማግሌ መስዬአቸው መሰለኝ፣ እሺ አሉ። የተጫጫሩትን ሦስቱን ብሮች በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ።

ሜዳው

ከከተማው ወጥቶ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው። የገብስ ቃርሚያ፣ የበግ መንጋ፣ ጆሮ የሚቆርጥ ንፋስ። በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁና አንድ ገበሬ ቤት አደርሁ፤ ለበቅሎዋ ገብስ ግማሽ አሞሌ ጨው አስከፈለኝ። ብብቴ ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ ሦስት ሴቶች ይዤ ወደ አንኮበር እየሄድሁ ነው አልሁት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና እግዜር ያበርታዎት ብሎ በሩን ዘጋ።

አንኮበር

ከአፋፉ ሲያዩት ከታች ጭጋግ ብቻ ነው፤ ቤቶቹ ከጽድ ዛፎቹ መካከል ተራራው ላይ እንደ መዥገር ተጣብቀዋል። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ ወዲህ ግማሹ ቤት ባዶ ነው። ቁልቁለቱን በቅሎዋ በእግሯ፣ እኔ በመቀመጫዬ ወረድን።

አንጥረኛው ኃይሌ ይባላል። ሊወነጅለኝ የመጣ ነው ብሎ መጀመሪያ ብሮቹን አልነካም አለ። ከብዙ ልመና በኋላ ለማቅለጥ ካከማቸው ብር ጥቂቱን ዘረገፈልኝና አንድ በአንድ አስተያየን። አንገት ላይ የኖረው ብር በአንድ ወገኑ ልሟል። በአመድ የታሸው የፀጉር ያህል የቀጠነ ክብ ክብ ጭረት አለው። ከአሞሌ ጋር በአንድ ስልቻ ከቆላ የወጣው ፈዞ ተበሳስቷል። ሞረድ የነካው ጠርዙ ላይ ያለው ጽሕፈት ጠፍቷል። የእኛዎቹን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስሁት፤ ጽሕፈቱ ሙሉ ነው። ጭረቱ አጭር አጭር ሆኖ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ብቻ ተሰብስቧል።

«ብር የሚሰርቅ ሰው ከጠርዝ ይጀምራል» አለ ኃይሌ። «ይሄ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ነው። ለምን እንደሆነ ግን እኔም አልገባኝም።»

ልወጣ ስል ሴትዮዋ ማን እንደሆነች አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። እመቤታችን ናታ አልሁት። ሳቁን ውጦ፣ ነጋዴዎቹ እንደሚሉት የሞተች የፈረንጅ ንግሥት ናት አለኝ። ስሳለማት የኖርኋት!

መልስ

ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ። አፋፉ ላይ ዘነበች የምትባል ሴት አሳረፈችኝ። እሳት ዳር አስቀምጣኝ፣ ከየት እንደመጣሁ ስነግራት፣ ብሮቹንም ጉራ ልነዛ ፈትቼ ሳሳያት፣ አንዷን አንሥታ ሳመች፤ አለቀሰችም። እኔ የጉልበቴን ወሬ ስቀጥል እሷ ብሩን እንደያዘች ጓዳ ገብታ ወጣች፤ የውሃ ዋንጫም አቀበለችኝ። ስለጠማኝ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥሁት።

ከዚያ በሌላ እጇ ብሩንና አንድ መርፌ አየሁ።

«ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?»

«የእመቤቴን ፊት ነዋ፣ አባባ። ለጉልበትዎ።»

ዋንጫውን ገልብጬ ውስጡን አየሁ። እሷ ግን ምን ያስደነግጣል ብላ ታየኛለች። ልጇ ታሞ በሞትና በሕይወት መካከል ሳለ ለዓመት በዓል ወደ እኛ ደብር ወስዳው፣ እንዲሁ የብሩን ፊት በመርፌ ፍቃ በውሃ አጠጥታው መዳኑን ነገረችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ መርፌ ሳትይዝ የምትመጣ ሴት የለችም። ገበዙን በሌብነት ሊያስባርራቸው የነበረው ጭረት የእናቶች እጅ ኖሯል። እኔም የሞተች የፈረንጅ ንግሥት ጉንጭ ጠጥቼ ተቀምጫለሁ።

ቤት

ቅዳሜ ስደርስ ከቤቴ በፊት ወደ አባ ተክሌ ሄድሁ። እንጨት ይፈልጡ ነበር። የጭረቱን ነገር ሁሉ ነገርኋቸው። መጥረቢያቸውን እንኳ አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብናገር አለቃ እናቶቹን ይገዝቷቸዋል። የታመመ ልጅ አዝላ እጇን ስትዘረጋ ሳይ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ላድርግ፣ አያ ምትኩ?»

እሑድ በጉባኤው ፊት ብሮቹን ዘርግቼ ሙሉውን ጠርዝ አሳየሁ፣ የአንጥረኛውን ቃል አደረስሁ፣ ጭረቱም ለመድኃኒት የተፋቀ መሆኑን ተናገርሁ። የማንንም ስም አላነሣሁም። በሴቶቹ ወገን ያለው ነጠላ ሁሉ ፊት ላይ ተሳበ።

አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከክረምት ወዲህ ወገባቸውን ይዟቸው፣ ከስግደት የሚያነሷቸው ሁለት ዲያቆናት ናቸው። «የጠጣው ማነው? ስሙ ይጠራና ይገዘት!»

«እኔ ነኝ» አልሁ። «ለጉልበቴ ነው የጠጣሁት። ከእኔ ይጀምሩ።»

ውሸት አልነበረም። ሆኖም በስተርጅና ተገዝቼ ያለ ፍታት መቀበሬ ታየኝ። አለቃ ጉልበቴን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለመሆኑ ተሻለዎት?»

«ቁልቁለት ላይ አዎ፤ ዳገት ላይ ገና ነው።»

ወደ ጉባኤው ዞረው፣ ሌባ አልተገኘም፣ ቁልፉ በአባ ተክሌ እጅ ይቆይ አሉ። ስለ ግዝቱ አንድ ቃል አልጨመሩም። አባ ተክሌ ለማስረከብ የያዙትን ቁልፍ መልሰው መቀነታቸው ላይ አሰሩት።

ከዚህ መንገድ የተማርሁት፣ ጭረት እጅ የት እንዳለፈ እንጂ እጁ ምን ፈልጎ እንደነበር እንደማይናገር ነው። የፈረንጇን ንግሥት ነገር ለማንም አልነገርሁም፤ የዳነ ልጅ ማሳመም ምን ይጠቅመኛል?

መጋረጃው በማግሥቱ ተሰቀለ። አለቃ ራሳቸው ቆመው አሰቀሉት፤ ወገባቸውን ይዘው፣ ከድሮው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ እጅ ይድረስበት አሉ።