የቲቸር ሠርካዲስ ሐምሌ

ጉለሌ ውስጥ ክረምት መግባቱ የሚታወቀው በዝናብ ብቻ አይደለም። ሰኔ ማለቂያ ላይ ካርድ ይሰጣል፣ ልጆች ሁሉ ባንድ ቀን ወደ ቤት ይለቀቃሉ፣ ወላጆችም ባንድ ቀን ይደነግጣሉ። «እነዚህን ልጆች ማን ይያዝልን?» ይባላል። ከዊንጌት እስከ አዲሱ ገበያ ባለው ሰፈር፣ በተለይ በዚያች ቆርቆሮ አዳራሽ ባላት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ለሰባት ዓመት ያው አንድ ሰው ነበር፤ ቲቸር ሠርካዲስ።

ሠርካዲስ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። አዲሱ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍሎችን አማርኛ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ባሏ ኖህ ጎሚስታ ነው፤ ከዊንጌት ታክሲ መያዣ ዝቅ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። ሮዳስ የምትባል ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ አለቻቸው። ሠርካዲስ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ሦስት ክፍል አቋርጦ የሚሰማ ነው። አንድ አመል አለባት፤ እንቢ ማለት አታውቅም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ የተረተው ሰው እሷን ቢያውቃት ኖሮ ትንሽ ያስብበት ነበር።

መምህር ክረምት ክረምት ያርፋል የሚል ሰው ካለ መምህር አግብቶ አያውቅም። ሠርካዲስ ጠዋት ጠዋት በቤተ ክርስቲያኗ ሰማንያ አራት ልጆች ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቷ ማጠናከሪያ ትሰጣለች። ቅዳሜ የልጆቹን መዝሙር ታለማምዳለች። እሑድ መቼም እሑድ ነው። የአዳራሹ ጣሪያም ግድግዳም ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ከእንጦጦ የወረደው ዝናብ ሲመታው ፊደል የምታስቆጥረው እየጮኸች ነው። ድምፅዋ ሲዘጋ በእጇ እያሳየች ትቀጥላለች።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን ሃዊ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ሰሌዳው ላይ ወዳለ ፊደል እየጠቆመች፣ «ቲቸር፣ ይሄ ማነው?» አለቻት። ሠርካዲስ ነገረቻት። ዝናቡ ነጠቀው መሰለኝ ሃዊ ደግማ ጠየቀች። ደግማ ነገረቻት። ሃዊ ሦስተኛ ጠየቀች።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሠርካዲስ እንጀራዋም ደስታዋም ነበር። የዚያን ቀን ግን፣ «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብላ ጮኸች፤ ጠመኔውን ወርውራ ወጥታ ደጅ ዝናብ ላይ ቆመች። ከውስጥ ሃዊ ስታለቅስ ይሰማታል። ተመልሳ ልታባብላት ፈለገችና እግሯ እንቢ አላት። የሚያስፈራው ደግሞ ልጅቷ አለማሳዘኗ ነበር። ሠርካዲስ ልቧን ብትፈትሽ ምንም አጣችበት።

ቦርሳዋ ውስጥ የሚቀጥለው ዓመት ውል አለ። መምህራን እስከ ነሐሴ አሥር ፈርመው እንዲመልሱ ተብለዋል። እራት ላይ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ለኖህ፣ «አልፈርምም። ማስተማር በቃኝ። ልጆች ጠልቼ እንዴት አስተምራለሁ?» አለችው።

ኖህ ቃል የሚያባክን ሰው አይደለም። ጉርሻውን እስኪውጥ ቆየ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወደድሽውን ሥራ በዝናብ ቀን አትተዪው» አላት። «አንዳንድ ደንበኛ አለ፤ ጎማው ቀስ ብሎ ያስተነፍስበታል። ጠዋት ጠዋት እየመጣ 'ንፋልኝ' ይለኛል። ይውለቅና ቀዳዳውን ልፈልገው ስለው 'ቸኩያለሁ' ይላል። በቃ፣ አንቺም እንደሱ ነው የሆንሽው። መጀመሪያ ክሊኒክ ሂጂ።»

ክሊኒክ ሄደች። ሙዘይን የጤና መኮንን ነው፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ብሎ ሾሞታል። ሠርካዲስ ችግሯን ዘረዘረችለት፤ ራስ ምታት፣ ጨጓራ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ማቃት፣ ሰው በደህና ሲያናግራት እንኳ እንባ እንባ ማለት።

«ብርድ ነው የመታኝ ዶክተር» አለች።

ደሟን አስመረመረ፤ ምንም የለም። ከዚያ ካርዷን አስወጥቶ ወደ ኋላ እየገለጠ አነበበና ሳቁ አመለጠው።

«ቲቸር፣ አንቺ እኮ ከበሽታሽ ጋር ቀጠሮ ያለሽ ሰው ነሽ። አምና ሐምሌ አሥራ አራት፣ ራስ ምታትና ጨጓራ። ካቻምና ሐምሌ ዘጠኝ፣ ራስ ምታትና ጨጓራ። ከዚያ በፊት ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ወገብ። ከሐምሌ ውጪ ታመሽ አታውቂም።»

«ሐምሌ ይበርዳላ!»

«ጥቅምትስ አይበርድም? የኅዳርን ጠዋት ረሳሽው?»

የጥቅምትን ብርድ የሚክድ የጉለሌ ሰው የለም።

«በየዓመቱ የሦስት ቀን ፈቃድ እጽፍልሻለሁ» አለ ሙዘይን፣ ሳቁን ትቶ። «ሦስት ቀን ተኝተሽ ተመልሰሽ ትሮጫለሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ካላመመሽ ማረፍ አይቻልም ያለሽ ማነው? ይሄን ነገር ፈረንጆቹ በርንአውት ይሉታል። ባማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሥራ ጨርሶሻል፣ እኔ የማውቀው ይሄን ነው። አሁን የምጽፍልሽ ሦስት ቀን ሳይሆን ሦስት ሳምንት ነው።»

የትምህርት ቤቱ ነገር በወረቀቱ አለቀ። በቤተ ክርስቲያን ግን የሐኪም ወረቀት አይሠራም። ሠርካዲስ ለአገልጋዮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ጻፈች። «ጌታ ይባርካችሁ። ዘንድሮ በጣም ደክሜያለሁ። የልጆቹን አገልግሎት ሌላ ሰው ቢረከበኝ።»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። «ደክሞኛል» ማለት ነበረባት። «ደክሞኛል» ያለ ሰው ሻይ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ይነሳል። በቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ቋንቋ «ደክሜያለሁ» ያለ ሰው ግን በእምነቱ የላላ፣ ጸሎት የተወ፣ ምናልባትም ዓለም የናፈቀችው ሰው ነው። የአማርኛ መምህርት ሆና ይህን መሳቷ ራሱ ምን ያህል ዝላ እንደነበር ይመሰክራል። ግሩፑ ባንዴ ነደደ። «አይዞሽ እህታችን፣ ጠላት አገልግሎትሽን አይቶ ነው!» «ሸክምሽ ተሰምቶኛል፣ ዛሬ አልተኛም!» «በርቺ፣ ይህ ወጀብ ያልፋል!» ልጆቹን እረከባለሁ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አምስት ሴቶች ዣንጥላቸውን ይዘው መጡ። ከፊት የምትመራቸው ልዩ ናት፤ የልጆች አገልግሎት አስተባባሪና የሠርካዲስ የልብ ወዳጅ። ሠርካዲስ ከተኛችበት ተነስታ ጭቃቸውን ወለወለች፣ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች፣ ሻይ አፈላች። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጸለዩላት፤ ቆማ። ሲጨርሱ አንዷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ተከታታይ ድራማ ምናምን ጀምረሽ ነው?» አለቻት።

«ኧረ እኔ የማይበት ጊዜ የት አለኝ!»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ልዩ ደግሞ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት እንደተያዘ አበሰረችና፣ «መዝጊያውን አንቺው ብትመሪው ትበረቺበታለሽ» አለች። ሠርካዲስ፣ ፈጣሪ ይይላት፣ ለእሺታ አፏን ከፈተች።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታረቀኝ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ። ዳገቱና ጭቃው አዘግይቷቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ፤ አሁንም የግሩፑን መልእክት ሁሉ ስህተት ካልለቀሙ አይተኙም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሻይ ሲቀርብላቸው በእጃቸው ከለከሉና ሠርካዲስን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ የጻፍሽውን ትናንት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደከምሽ ነው ወይስ ደከመሽ?»

ሠርካዲስ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ የታፈነው እንባ ሁሉ ባንዴ መጣ።

«ደከመኝ ጋሼ» አለች። «በጣም ደከመኝ።»

«አዎ። እኔም እንደሱ ነው ያረምኩት» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ለደከማት ሰው የሚጸለየው አስተኝቶ ነው። በሉ አሁን ብርጭቆዎቹን እጠቡላትና እንሂድላት» አሉ።

ሴቶቹ አፈሩ። ልዩ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ «ምነው ደከመኝ ብትይኝ?» አለቻት።

«ጽፌልሽ ነበር እኮ።»

ሁለቱም ሳቁ። ልዩ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አይቼሻለሁ። ሰኔ ላይ ፊትሽ ልክ አልነበረም። አንቺ ካልያዝሽው ማን ይይዘዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይቅር በይኝ።» ይህን ብላ በዚያው አላበቃችም፤ ከመውጣታቸው በፊት አምስቱ ሴቶች ልጆቹን ተካፈሏቸው። ሰማንያ አራት ልጅ ለአምስት ሲካፈል እንደሚፈራው አይደለም።

ዕረፍት ደስ ይላል ያለው ማነው? የመጀመሪያው ሳምንት ለሠርካዲስ እስር ቤት ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳትፈልግ ትነቃለች። ከአዳራሹ የልጆቹ መዝሙር ሲሰማ፣ ያለ እሷ መዘመራቸው ደስም ይላታል፣ ቅርም ይላታል። ኖህ ስልኳን ነጥቆ ወደ ጎሚስታው ይዞት ሄደ። ለደወለ ሁሉ «ተኝታለች» ይላል። «እስከ ስንት ሰዓት?» ያለ እንደሆነ፣ «እስከ ነሐሴ» ብሎ ይዘጋል። በሁለተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ ተዋት። ምሳዋን በልታ ዝናቡን እየሰማች ትተኛለች፤ አንድ ቀንማ ሮዳስ እናቷ የሞተች መስሏት ደንግጣ ቀሰቀሰቻት። ውሉ ግን ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ትመልሳለች።

በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን፣ ከሮዳስ ጋር በሚኒባስ ሽሮ ሜዳ ወጡ። የሚገዙት ነገር አልነበረም፤ ጥበብ እያዩ ለመዞር ብቻ ነው። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በካርቶን «ጋቢ ይሽጣል» ተብሎ ተለጥፏል። ሠርካዲስ አልፋው ልትሄድ ነበር። አልቻለችም። ተመልሳ፣ «ወንድሜ፣ 'ይሸጣል' ነው የሚባለው። 'ሽ' ሳይሆን 'ሸ' አድርገው» አለችው።

ሾዴ፣ ሸማኔም ሻጭም የሆነው ባለ ሱቅ፣ ሳቀ። «እትዬ፣ ሰው ጋቢውን እንጂ ጽሑፉን መች ይለብሰዋል? በሉ ካወቁበት እርስዎ ይጻፉልኝ» ብሎ ማርከር ከአዲስ ካርቶን ጋር ሰጣት። ጻፈችለት። የጋቢ ክምር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ልጁ ወርዳ መጣችና፣ «ይሄ ምን ይላል?» አለች። ሠርካዲስ ነገረቻት። «ይሄኛውስ?» ነገረቻት። «ይሄስ?» ሠርካዲስ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ አንዱን ፊደል አራት ጊዜ ጠየቀች፤ ሠርካዲስ አራተኛውን ስትመልስ እየሳቀች ነበር።

«እማዬ፣ ዕረፍት ላይ አልነበርሽ እንዴ?» አለች ሮዳስ ተሰላችታ።

ያን ጊዜ ነው ሠርካዲስ የነቃችው። ልጆችን ጠልታ አታውቅም። ጉልበቷ አልቆ ነበር፣ ከጉልበቷ ጋር ፍቅሯም ያለቀ መስሏት ነበር።

ሲመለሱ ሃዊ ቤት ጎራ አለች። ልጅቷን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻት። «ያቺ የጠየቅሽኝ ፊደል ማን መሰለችሽ?» ልትላት ስትል ሃዊ ቀደመቻት። «'ኘ' ናት! እትዬ ልዩ ነግራኛለች።» ሠርካዲስ ትንሽ ከፋት፤ ከዚያ ደስ አላት።

ነሐሴ አሥር ውሉን ፈርማ ትምህርት ቤት ወሰደች። ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ታየች በደስታ ተቀበለቻትና ከመሳቢያ ሌላ ወረቀት አወጣች፤ እስከ ጳጉሜ የሚዘልቅ የማጠናከሪያ መርሐ ግብር ነው። የሠርካዲስ ስም ከላይ ተጽፏል። «እንደ ልማድሽ ሞልቼዋለሁ» አለች።

ሠርካዲስ ወረቀቱን አነበበችው። «ይሄን አልችልም» አለች።

ወይዘሮ ታየች ደንግጣ መነጽሯን አወለቀች። «ውይ፣ እስካሁን አልተሻለሽም እንዴ? የሐኪም ወረቀት አምጪ እንጂ ችግር የለም።»

«ወረቀት የለኝም። ደህና ነኝ። ማረፍ ፈልጌ ነው።»

ወይዘሮ ታየች መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ እስክሪብቶ አንስታ ስሟን ሰረዘች። ሠርካዲስ አመስግና ወጣች። ቤቷ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጋቢዋን ተከናንባ በጠራራ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች፤ ምንም ሳያማት።