ሦስቱ ችካሎች

ከጀጎል ፈላና በር ወጥቶ ቁልቁል ሲወረድ አባቴ የተወልኝ ቁራሽ መሬት አለች፤ ጥቂት የቡና እግርና ሁለት ማንጎ። ከላይዋ የነበሩት ማሳዎች ሁሉ ቤት ሆነዋል። አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ይተከላል፣ ቀጥሎ ድንጋይ ይራገፋል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። ስለዚህ ችካል እፈራለሁ። ሰው ጅብ በእጁ በሚያጎርስበት ከተማ ተወልጄ እንጨት መፍራቴ ጓደኞቼን ያስቃቸዋል።

ክረምት ሊገባ ሲል ድሬዳዋ ለቅሶ ደርሼ በሦስተኛው ቀን ስመለስ፣ መሬቴ መሐል ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ሰባት ችካሎች ቆመው አገኘሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ጎርፍ ቆፍሮት በየዓመቱ ማሳችንን እየበላ የሚሰፋው ቦረቦር ውስጥ ወረወርኳቸው። ጉድጓዳቸውንም በእግሬ ደፈንኩ።

በማግስቱ ጠዋት የታችኛው ማሳ ባለቤት፣ ሐጂ፣ በሬን አንኳኩ። የሰፈሩ ሰው እርከን ሲሠራ መስመሩን የሚለኩት እሳቸው ናቸው። ገመድ ወጥረው፣ መሐሉ ላይ ውሃ ልክ አንጠልጥለው፣ ጎርፉ አፈሩን ሳይወስድ የሚቆምበትን ቦታ ያገኛሉ።

«አንቺ ለቅሶ ላይ ሳለሽ ተሰብስበን እርከን ልንሠራ ወሰንን» አሉኝ። «ያንቺንም ለካሁልሽ። የችካሎቹን ቀይ ጨርቅ ከሚስቴ አሮጌ ሻሽ ቀድጄ ነው ያሰርኩት። ቅዳሜ ኢንሻአላህ ድንጋዩን እንደረድራለን።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የኔ ልጥ የሐጂ ሚስት ሻሽ ሆነ። የዚያኑ ሰዓት «እኔ ነኝ የነቀልኩት» ማለት ነበረብኝ። ግን ወሬ ጀጎልን ሳይዞር አያድርም፤ የሐጂን ልክ ነቅላ ጣለች መባሉን ፈራሁ። እሳቸው ሲሄዱ ቦረቦሩ ውስጥ ገብቼ ችካሎቹን ለቀምኩ። የአራቱን ጉድጓድ አገኘሁ። የሦስቱን አጣሁና በዓይኔ ገምቼ ተከልኳቸው።

ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ በችካሎቹ ልክ ድንጋይ ደረደረ። እኔም አብሬ ተሸከምኩ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ ተሸከምኩ። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ወርጄ እርከኑን እየዞርኩ አይ ነበር። ሐጂ እርከኑን አምነው ከሥሩ አዲስ የቡና ችግኝ ተክለው ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እርከኑን እኔ በገመትኩበት ቦታ በጥሶ ችግኞቹን ይዟቸው ሄደ። የሌላው ሰው እርከን ከነድንጋዩ አልተነቃነቀም።

ስደርስ ሐጂ ደለሉ ላይ ቆመዋል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሉ። «ወላሂ ዓይኔ እንዲህ መድከሙን አላወቅሁም። ይሄን ያህል ዓመት ስለካ ውሃ አታሎኝ አያውቅም። ከእንግዲህ የሰው መሬት አልለካም።»

«ሐጂ፣ እርስዎ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ገመዱንና ውሃ ልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉልኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ዓይንሽም ደህና ነው። አሠራሩን አሳይሻለሁ። ለጎረቤቶቻችን አንቺ ለኪላቸው።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከበላያችን ሌላ ደመና እየከበደ ነበር። እጄ ቀደመኝና ገመዱን ተቀበልኩ።