ቀለል የምትለው ትምጣ

ባለፈው ቅዳሜ ከጎፋ አስቤዛዬን ይዤ ስመለስ፣ የኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ ጋሽ ታደሰ «ከአገር ቤት ዕቃ መጥቶልሻል» ብለው አንድ ማዳበሪያ ከፊቴ ዱብ አደረጉልኝ። ጌሾና ሎሚ ነው፤ ታላቅ እህቴ በዓመት አንዴ በሰው ትልክልኛለች። አፉ የታሰረው በደንገል ነበር፣ ታንኳ በሚሠራበት በዚያ የሐይቅ ዳር ተክል። ደንገል ረጥቦ ሲደርቅ እንደ ሣርም እንደ ሻገተ ዳቦም ይሸታል፤ ደስ ይላል ወይ ቢሉኝ አዎ እላለሁ፣ ይከረፋል ወይ ቢሉኝም አዎ። ያንን እያሸተትኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁና ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ከታች የሃይሌ ጋርመንት ታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ እንጃ።

የተወለድኩት ጣና ላይ ነው። መሥሪያ ቤት ሰው ሲጠይቀኝ ነገር ለማሳጠር «ባሕር ዳር» እላለሁ እንጂ፣ የእኛ መንደር ያለችበት ደሴት ከየብስ በታንኳ የሦስት ሰዓት መንገድ ናት፤ ከአንዱ ጫፍ ቆሞ የተጣራ ከሌላው ጫፍ «አቤት» የሚባልባት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ በፈረቃ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት፣ ከሰው ይልቅ ሎሚና ማንጎ የሚበዛባት። ጨውና ጋዝ የሚመጣው ገበያ ቀን ነው፤ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ጨው የሚባል ነገር ተረሳ። በውሃ ተከብቤ ያደግሁ ሰው ዛሬ ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ደርድሬ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ስጠብቅ፣ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደግሞ እናደዳለሁ።

በእኛ አገር ታንኳ እንደ ከብት ነው፤ ውሎ ሲገባ ማደሪያ ይፈልጋል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ማታ ማታ ከሐይቁ ተስቦ ይወጣና ሾላው ላይ ቀጥ ብሎ ተደግፎ፣ ሌሊቱን የጠጣውን ሲያንጠባጥብ ያድራል። ውሃ ላይ የተኛ ታንኳ ጠዋት አይሰምጥም፣ ግን እንደ እርጉዝ ላም ይከብዳል፤ አራት ሰው ይጭን የነበረው ሁለት ቢጭን ነው። የእኛ ቤት ታንኳ ትንሽ ስለነበረች፣ አባቴ ሲመለስ ቶሎ ከደረስንላት ለአንድ ልጅ ትቻላለች፤ ማውጣቱ በእኔና በእህቴ ተራ ነበር።

እህቴ ጥሩዓለም ትባላለች፤ እኔ እታለም ነው የምላት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ግን ትምህርት የጀመርነው አብረን ስለነበር አንድ ክፍል ነበርን። እሷ አንደኛ ትወጣለች፤ እኔ ከስንተኛ እንደምወጣ ባይነሣ ይሻላል። ሒሳብ የምትሠራልኝ እሷ፣ ስሳሳት በኩርኩም የምትለኝም እሷ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ከየብስ ስለነበር፣ አባቴ በፈተናው ዕለት ጠዋት ሁለታችንን ሊያሻግረን ተነጋግረን ጨረስን። ካለፍን እዚያው አጎታችን ጋ ሆነን ልንማር ነው። ከደሴታችን ሴት ልጅ ለትምህርት ተሻግራ አታውቅም ነበርና፣ መንደሩ ስንቅ ሲያዋጣ ሰነበተ።

በዋዜማው ማታ ተራው የእኔ ነበር። እኔ ግን ከተማ ልገባ አይደል፣ ጎረቤታችን ጋ ተቀምጬ ሹሩባ እሠራለሁ! አንዱ ጎን አልቆ ሌላው ሲቀር ታንኳዋ ትዝ አለችኝ፤ ግማሽ ራሴን ጎፍሬ እንዴት ልሂድ? ሹሩባው ሲያልቅ ጨልሟል። ሲጨልም ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ይወጣል፤ ልጅ ከቤት አይወጣም። እቤት ስገባ አባቴ «አወጣሻት?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። አዎ ማለት እንዴት እንደሚቀል አሁንም ይገርመኛል።

ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ጠዋት ወደ ሐይቁ ስንወርድ ታንኳዋ ውሃው ላይ ዘፍ ብላ ተኝታለች። አባቴ አየት አደረጋትና «ይሄ የተረገመ ነፋስ፣ ጣላት» አለ፤ እኔም አላረምኩትም። ገበያ ቀን ነውና ታንኳ ያለው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። ተመላልሶ እንዳያደርሰን ፈተናው ያልቃል። አባቴ ታንኳዋን በእግሩ ጫን ጫን አድርጎ ሞከራት፣ ዞሮ አየን፣ ከዚያ «ቀለል የምትለው ትምጣ» አለ። ማን ጎበዝ ናት አላለም። ውሃ ጉብዝና አይጠይቅም። እኔ እንደ ክር የቀጠንኩ ነበርኩ፤ እታለም ደግሞ ደንደን ያለች ልጅ።

እሷ የሁለታችንን ዳቦ ቆሎ የቋጠረችበትን ሻሽ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እርሳሷን ሰጠችኝ፤ እስከ ጉልበቷ ገብታም ታንኳዋን ገፋችልን። «በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ተዳረች።

እኔ አለፍኩ፤ በእሷ እርሳስ፣ ለጥቂት። ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወንበር ያለው ሥራ፣ ከዚያ ይሄ ቤት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄንን ሁሉ ከእሷ እንደሰረቅኩት አድርጌ ነው የኖርኩበት። አገር ቤት ስሄድ ደግሞ ነገሩ ይምታታብኛል፤ እሷ ከብቶቿን አልባ፣ ሎሚዋን አስለቅማ፣ ሾላው ሥር ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሳሳቅ አያለሁ፤ እኔ የፎቅ ጎረቤቴን ስም አላውቅም። ማን ነው የተጎዳው? ቀናሁባት ልበል? ደግሞ ደሴቷም እንደድሮዋ አይደለችም፤ የሞተር ጀልባ ገብቷል፣ ስልክ ይሠራል፣ ግን እምቦጭ ዳር ዳሩን ወርሶታል፣ ወጣቱም በዚያው ጀልባ እየተሳፈረ ሄዶ ይቀራል። የእታለም ሦስት ወንዶች ልጆች ሄደው ቀርተዋል። የቀረቻት ብርቄ ናት፣ የመጨረሻዋ።

ጌሾው መድረሱን ልነግራት ስደውል እታለም ወሬዋን የጀመረችው በብርቄ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ሆና ጨርሳለች፤ ከደሴቷ ከእንግዲህ የምትማረው የለም። «አንቺ ጋ ልላካት ወይስ ትቅርልኝ?» አለችኝ። «አንቺ ያየሽው ስለሆነ ቁርጡን ንገሪኝ፤ እኔ አልቻልኩም።»

ምን ልበላት? ያንን ሳልነግራት ምን አፍ አለኝ? ነገርኳት፤ ሹሩባውን፣ ጉማሬውን፣ «አዎ» ያልኩትን። እንደ ሕፃን እያለቀስኩ።

እታለም «አይቻት ነበር እኮ» አለች።

«ማንን?»

«ታንኳዋን። የዚያን ለት ሲመሻሽ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ተኝታ አየኋት። ላወጣት ገመዷን ያዝኩ፤ ከዚያ ተውኳት። ደሴቷን መልቀቁ ጨንቆኝ፣ ሁለታችንም እንቀራለን ብዬ ነበር፣ እኅት ዓለሜ። አባባ አንዳችንን ነጥሎ ይወስዳል ብዬ በየት አስቤው!»

ሠላሳ ዓመት የወሰድኩባት ፈተናዋን፣ ትምህርቷን፣ ፎቅና ወንበሯን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወሰድኩባት እህቷን ነው፤ እሷን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚመልስላት አልነበረም፣ እኔም በዓመት አንዴ ለጥምቀት ብቅ እያልኩ ነው የኖርኩት።

«ሄሎ? አለሽ? ታዲያ ልጅቷን ምን ልበላት?»

«ላኪያት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ «እንዳትልኪያት» የሚለውም እኩል መጣብኝ። ከሁለቱ መሃል የወጣው ግን ያላሰብኩት ነው። «አንቺም አብረሻት ነይ» አልኳት።

ሳቀች፤ ያቺ የጥንት ሳቋ። ከዚያ «ያኔ እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ» አለች፣ «እየዋኘሁ እከተልሽ ነበር።»