የተሰወረችው ጣውንቴ

እኔ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ነበር የተዳርሁት። አባቴም «ሐዘን ያየ ወንድ ሚስት ያከብራል» ብሎ ነው እሺ ያለው። ጣውንት እንዳለችብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የባሌ ቤት ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ሲወርዱ ሜዳው መሐል ነበር። ያኔ ወረታ መንገድ ዳር የቆሙ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶችና የቅዳሜ ገበያ እንጂ ከተማ የምትባል አልነበረችም። ክረምት ሲገባ ርብ ሞልቶ እስከ ጓሯችን ይመጣል፤ ውሃው ሲሸሽ በጥቁሩ አፈር ላይ ሽምብራና ጓያ እንዘራለን። በገባሁበት ክረምት ወንዙ መሙላት ሲጀምር ባሌ ጠባዩ ተለወጠብኝ። አጥሩ ጋ ቆሞ ውሃውን ያያል። እህል ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ይጎርስና ይነሣል።

«እመይቴ፣ ልጅዎ ምን ሆኗል?» ብዬ አማቴን ጠየቅኋቸው።

አማቴ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። እንዝርቱን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ያቺ የፊቷ ሚስቱ እኮ አልሞተችም» አሉኝ። «ስውሮቹ ናቸው የወሰዷት።»

በዚህ ወራት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቀርታለች። ወንዶቹ ወንዙ ሐይቅ እስከሚገባበት ድረስ ወርደው ፈልገዋታል፤ ሬሳዋ አልተገኘም። እንስራዋ ግን ሞልቶ፣ አፉ በቅጠል ተከድኖ፣ ዳር ላይ እንደ ተቀመጠ ነበር። ደራሽ ውሃ ቢወስዳት ኖሮ እንስራው ይተርፍ ነበር ወይ ተባለ። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ስለዚህ ተዝካርም አልወጣላትም።

«ስውሮቹ እነማን ናቸው?» አልኋቸው።

«እግዜር ሔዋንን ሊጎበኝ ሲመጣ ቆንጆ ቆንጆዎቹን ልጆቿን ዓይን እንዳይበላብኝ ብላ ሸሸገቻቸው። እሱም ‹የሸሸግሻቸው እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ› አላት። እነሱ ናቸው። ከእኛ መሐል መልከ መልካም ሲያዩ ይወስዳሉ። እነሱ ዘንድ የገባ አያረጅም፤ አይታመምም።»

«ቆንጆ ነበረች?»

አማቴ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ክብ ሠርተው አሳዩኝ። «ወገቧ ይኼን ታህል ነበር።»

ቅናቴ ከዚያን ቀን ጀመረ። የሞተች ብትሆን መቃብሯን አይቼ እጽናና ነበር። የፈታት ብትሆን ገበያ ላይ ጠብቄ እንከኗን እፈልግላት ነበር። ይቺን ግን ምን አደርጋታለሁ? እኔ ወለድሁ፤ ደግሜ ወለድሁ፤ ወገቤ ከዳሌዬ ጋር አንድ ሆነ። ጎረቤቶቼ «እሰይ፣ አማረብሽ፣ ጠገብሽ» ይሉኛል። በእኛ አገር የሚስት መወፈር የባል ክብር ነው። እኔ ግን ሙገሳው ስድብ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ እሷ በተሰወረችበት፣ በዚያች በጭብጥ ወገቧ፣ ሳታረጅ ትጠብቀዋለችና።

አንድ ቀን አማቴ ገበያ ሄደው ሳለ የልብስ ሣጥናቸውን ከፍቼ የጣውንቴን ቀሚስ አገኘሁት። ለበስሁት። ክንዴ እጅጌው ውስጥ ተቀረቀረ፤ ጡቴ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አለኝ። እንዲህ ተወጥሬ ቆሜ ሳለሁ ባሌ በበሩ ገባ። ይስቃል ብዬ ነበር። ይቆጣል ብዬም ነበር። እሱ ግን ቀሚሱን ብቻ አይቶ፣ «ቀስ ብለሽ አውልቂው፤ ይቀደዳል» አለኝና ወጣ።

በማግሥቱ የነፍስ አባቴ ጠበል ሊረጩ መጡ። ሲጨርሱ እስከ ደጅ ሸኘኋቸውና፣ «አባ፣ ስውሮች እህል ይበላሉ?» አልኋቸው።

«ምን ነካሽ?»

«ይንገሩኝ እንጂ። ይበላሉ?»

«ሰርግ ሲደግሱ ተሰሙ ይባላል። ከደገሱ ይበላሉ ማለት ነው።»

«ከበሉስ ይወፍራሉ?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ሰው ስለ ነፍሱ ይጠይቀኛል፤ አንቺ ስለ ስውር ወገብ!» አሉ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ተዉት። የጣውንቴን ነገር ሳያውቁት አልቀሩም። «ስሚኝ ልጄ። መንፈስ ከሆኑ ሥጋ የላቸውም፤ አይወፍሩም። ሥጋ ካላቸው ግን እየበላ የማይወፍር የሚደክም ሰው ብቻ ነው። ስውሮች ሲያርሱ፣ ሲፈጩ፣ ውሃ ሲቀዱ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አልሰማሁም።»

«እንግዲያማ እስከ ዛሬ ወፍራለች» አሉና መርቀውኝ ሄዱ።

ጥቂት ቀን እፎይ አልሁ። እየፈጨሁ፣ በበሩ የማታልፍ አድርጌ አስባታለሁ፤ ደስ ይለኛል። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። እኔ የወፈርሁት በወሊድና በአራስ ገንፎ ነው። እሷ ከወፈረች ተቀምጣ፣ እየቀረበላት፣ እንደ እመቤት ነው። ለዚህም ቀናሁባት።

የመጨረሻዋን ልጄን ከወለድሁ በኋላ ወገቤ አልቀና አለኝ። አማቴም ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድን፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ ሕፃኗን አዝዬ በእግሬ። የሴቶች ተራ ሲደርስ ገባን። እንፋሎቱ ትንሽ ገለጥ ሲል ከድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ የልጇን ጀርባ ስታሽ አየሁ። እንዲህ ያለ ውፍረት አይቼ አላውቅም። አገጯ ተደራርቧል፤ ክንዷ የእኔን ጭን ያህላል። ልጅቱ የሆነ ነገር ስትላት ሰውነቷ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ትስቃለች።

አማቴ ክንዴን ጨብጠው ቀጥ አሉ። ሴትዮዋም ቀና ስትል አየቻቸው። ሳቋ ቆመ። ነጠላዋን ጎትታ ተሸፈነችና መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እመይቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ምነው እዚህ መጣሽ?» አሏት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ ገባኝ። አንደኛው ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ነው። ሁለተኛው፣ በሕይወት መኖሯ አማቴን አላስደነቃቸውም፤ ያስደነገጣቸው እዚያ ማግኘታቸው ነው።

«ልጄን ቁስል ይዟት ነው። አንበሳሜ ነው ያለነው፤ ከሸማኔው ጋር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የእሱ ባለቤት ነሽ?»

«ነኝ።»

ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። እኔም አየኋት። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ወገብ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«ደግ ሰው ነው» አለችኝ። «ዝምታው ነው እንጂ። እኔ ዝምታ አልችልም።»

«እኔንስ ዝም ብሎኝ አያውቅም፤ ሲያወጋኝ ነው የሚውል» አልኋት። ውሸቴን ነበር።

ስንመለስ አማቴ ከበቅሎው ላይ ሆነው ወደ ፊት ብቻ እያዩ ተናገሩ። «ከሸማኔ ጋር ኮበለለች ቢባል ልጄ በአገር ፊት በምን ዓይኑ ይቆማል? ስውር ወሰዳት ሲባል ግን ሰው ከንፈሩን መጠጠለት። እንዳትነግሪው።»

«እሱ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

መንገዱን ሁሉ የማስበው ያን ሳቅ ነበር። እኔ በዚያ ቤት እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ልጇም ለምዳዋለች፤ ሌላ ቀን ሁሉ እንደዚያ እንደምትስቅ ያስታውቃል። እንደ ደረስን ሕፃኗን አስተኝቼ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድሁ። ባሌ ሽምብራ እየነቀለ ነበር።

«ወንዛዬ ሚስትህን አየኋት» አልሁት።

ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ስውር አልወሰዳትም፤ ሸማኔ ነው የወሰዳት። አንበሳሜ ናት። ደግሞ ወፍራለች። እንዴት እንደ ወፈረች ብታያት!»

«ደህና ናት?» አለኝ።

«ወፍራለች አልሁህ እኮ።»

«ደህና ናት ወይ ነው ያልሁሽ።»

«ደህና ናት» አልሁት። የያዘውን እፍኝ ሽምብራ ጣለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። «ተመስገን» ሲል ሰማሁት። «ተመስገን፤ ውሃ አልበላትም።» ለካ እሱ ስውሩን አምኖ አያውቅም። ውሃውን የሚያየው ሬሳዋን እየፈለገ ኖሯል። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ላጽናናው ብል ማን ሞተበት? ልቆጣ ብል ምን አጠፋ?

በሳምንቱ አንበሳሜ ደርሼ ልምጣ አለኝ። አማቴ አኩርፈውኛል፤ አያናግሩኝም። እሱ እስኪመለስ ድረስ የፈጨሁት ዱቄት እንኳ ሸካራ ነበር። አድሮ መጣ። እግሩን ሳጥበው ጠየቅሁት።

«ሸማኔው ምን አለህ?»

«ጠላ ቀዳልኝ። ጨዋ ሰው ነው።»

«እሷስ?»

«አለቀሰች። ይቅር በለኝ አለች። ይቅር አልኋት።»

«ውፍረቷንስ አየኸው?»

አሰብ አደረገ። ባሌ ውሸት አያውቅም። «እኔ እንጃ» አለኝ፤ «አላስተዋልሁም።»

ከዚያ ከስልቻው ውስጥ ነጠላ አወጣ። «ለባለቤትህ ስጥልኝ ብላለች። ባሏ ነው የሠራው።» ሳልዘረጋው ሣጥን ውስጥ ወረወርሁት።

በቀጣዩ ክረምት ርብ ሲሞላ ባሌ አጥሩ ጋ አልቆመም። ገብቶ ከልጆቹ ጋር እሳት ዳር ይቀመጥ ጀመር፤ አንዳንዴም ያወራል። አማቴም ቀስ በቀስ ታረቁኝ። እኔ ነጠላውን ያወጣሁት የጎረቤት ልጅ ስትዳር ነው፤ የራሴ አልቆብኝ ነበር። ፈትሉ እንደ ጉም የሳሳ፣ ጥለቱ ቀይ ነው። ሴቶቹ ጫፉን እየዳሰሱ «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ባሌ ነው ያመጣልኝ» አልኋቸው።

ባሌ ከወንዶቹ ጋር ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ቀና ሲል አየኝና ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ፤ አንድ ጊዜም ፈገግ አለ። እኔን ይሁን ነጠላውን፣ አላወቅሁም። ቢሆንም አጣፋሁትና ወደ ዘፈኑ ገባሁ።